መጽሐፉን ከኋላ በኩል ግለጡት፦ ስለ አሜሪካ ባርነት ምን እናንብብ?

ስለ አሜሪካ ባርነት መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ በሽፋኑ ነው የሸወደኝ። ሽፋኑ አዲስ፣ ወረቀቱ ነጭ። ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። እርሻው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይዘፍናል። ጌታው ደግ ነው። የሚከፋው ሰው የለም። የኅትመት መረጃው ያለበትን ገጽ ሳይ ለካ መጀመሪያ የወጣው በ1910ዎቹ ኖሯል። ያኔ እንዲህ ያለው አጻጻፍ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም የተለመደ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ የጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን ሙገሳ አላነብም። መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት አያለሁ። አሮጌ ስለሆነ ብቻ ግን አልጥለውም። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ስለነበረው ዘመን የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የወጣው በ1935 ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይጠቅሱታል።

ቀጥሎ ወደ መጨረሻው ሄጄ የስሞቹን ዝርዝር እገልጣለሁ። የጌቶቹ ስም እስከ አያት ድረስ ተደርድሮ፣ በባርነት የነበሩት ግን «ባሮች» በሚል አንድ ቃል ታጭቀው ካገኘሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የኔ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1850 እና በ1860 ሕዝብ ሲቆጠር በባርነት ያሉት ለብቻ ነው የተመዘገቡት። መዝገቡ ላይ የባለቤቱ ስም አለ። ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። የሰዎቹ ስም የለም ማለት ይቻላል። በ1860 ቁጥራቸው ወደ 4 ሚሊዮን ነበር። ስማቸውን ለማግኘት ጸሐፊው የሽያጭ ሰነድ፣ ኑዛዜ፣ ያመለጡትን ለማስያዝ በጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ ሲያገላብጥ መክረም አለበት። ስሞቹ ካሉ ሰውየው ሥራውን ሠርቷል።

«ከየት ልጀምር?» ለሚለኝ፣ ከራሳቸው ከባለታሪኮቹ እላለሁ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ሕይወቱን ሦስት ጊዜ ጽፏል፤ በ1845፣ በ1855 እና በ1881። ዝም ብላችሁ «የዳግላስን» ካላችሁ የትኛው እንደሚደርሳችሁ አይታወቅም። የ1845ቱን ያዙ። ቀጭን ናት፣ በሁለት ምሽት ታልቃለች። እንዴት እንዳመለጠ ግን እዚያ አታገኙትም። የረዱትን ላለማስያዝ ብሎ ሆን ብሎ ዘሎታል። ዝርዝሩን በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው የሚተነፍሰው፣ ባርነት ከቀረ በኋላ።

እንደሱ ከባርነት ያመለጠችውን የሃሪየት ጄኮብስን የሕይወት ታሪክ ስትገዙ ደግሞ መግቢያና ማስታወሻ ያለውን እትም ፈልጉ። መጽሐፉ በ1861 የወጣው በብዕር ስም ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ልብ ወለድ ነው ይሉት ነበር። በ1980ዎቹ አንዲት ተመራማሪ ደብዳቤና ሰነድ አገላብጣ እውነተኛ ታሪክ መሆኑን አረጋገጠች። እርቃኑን የታተመ ርካሽ ቅጂ ይህን አይነግራችሁም። ጄኮብስ ከጌታዋ ሸሽታ በኖርዝ ካሮላይና በአያቷ ቤት ጣሪያ ሥር ለ7 ዓመት ገደማ ተደብቃለች። የጣሪያው ከፍተኛ ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። መቆም የለም። በመሰርሰሪያ ቀዳዳ በስታ ልጆቿ ደጅ ሲጫወቱ ታያለች። ለልጆቹ እናታቸው እዚያ እንዳለች አልተነገራቸውም። እኔ እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀምጫለሁ።

በ1930ዎቹ ከባርነት ከተረፉ ሽማግሌዎች የተወሰዱ ከ2,300 በላይ ቃለ መጠይቆችም አሉ። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይነበባሉ። ብቻ ልብ በሉ፦ ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ በባርነት ዘመን ልጆች ነበሩ። ሽማግሌው «ጌታዬ ደግ ነበር» ሲል ማን ፊት እንደተናገረ አትርሱ።

የታሪክ ጸሐፊ መጽሐፍ ስትመርጡ የሚያበቃበትን ዓመት እዩ። ባርነትን የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በ1865 ነው፤ ብዙ መጽሐፍ እዚያው እልል ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ የታሪክ ጸሐፊውን የኤሪክ ፎነርን የ1988 መጽሐፍ ጨምሩበት። ወፍራም ነው፣ አትቸኩሉ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ የተነሳው በክፍለ ግዛቶች መብት ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ካጋጠማችሁ፣ የደቡቧ ክፍለ ግዛት ሚሲሲፒ በ1861 ከአሜሪካ ኅብረት ስትወጣ ያወጣችውን መግለጫ አጠገቡ አድርጋችሁ አንብቡ። አጭር ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አቋማችን ከባርነት ሥርዓት ጋር ፍጹም የተሳሰረ ነው ትላለች። ጸሐፊው ይህን ጠቅሶት እንደሆነ ለማየት ከኋላው ዝርዝር «ሚሲሲፒ»ን ፈልጉ።