ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግፊቱ በድንገት ሲያሻቅብ የሚሠሩ ስህተቶች

ህብለ ሰረሰሩ በ6ኛው የደረት አከርካሪ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው፣ ከጉዳቱ በታች የሆነ ነገር ሲወጥረው ወይም ሲቆረቁረው የደም ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። ይህ ኦቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ ይባላል። ካልታከመ ወደ ስትሮክ፣ ወደ መንቀጥቀጥ፣ አልፎም ወደ ሞት ያደርሳል። ራስን የሚፈልጥ ህመም፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ፣ የአፍንጫ መታፈን፣ ከጉዳቱ በታች ደግሞ የቆዳ መቀዝቀዝና የጸጉር መቆም ምልክቶቹ ናቸው። የፊት መቅላትም አለ፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ላይታይ ስለሚችል እሱን አይጠብቁ።

«አይሰማውም» ብሎ መንስኤውን አለመፈለግ። የብዙው ስህተት ሥር ይህ ነው። የሞላ ፊኛ መልእክት ወደ አንጎል ባይደርስም ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል። ወደ ላይ ሲጓዝም ከ1ኛው የደረት እስከ 2ኛው የወገብ ደረጃ ያሉትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች (ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩ፣ የደም ሥሮችን የሚያጠብቡ ነርቮች) ይቀሰቅሳል፤ እነሱም የደም ሥሮችን፣ በተለይም ብዙ ደም የሚይዙትን የሆድ ዕቃ ሥሮች ያጠብባሉ። በጤናማ ሰው የአንገትና የልብ አቅራቢያ ትልልቅ ደም ወሳጅ ሥሮች የግፊቱን መናር ለአንጎል ግንድ ይነግራሉ፤ የአንጎል ግንድም «ፍቱ» የሚል ትእዛዝ ቁልቁል ይልካል። እዚህ ትእዛዙ ጉዳቱ ላይ ደርሶ ይቀራል። ሰውየው ባይሰማውም ሰውነቱ ሰምቷል።

የልብ ምት መዘግየትን እንደ ደህንነት ማየት። ቬገስ የተባለው ነርቭ በህብለ ሰረሰር ስለማያልፍ ልብን ማዘግየት ይችላል፤ የጠበቡትን ሥሮች ግን አይፈታም።

«125 እኮ ነው፣ ደህና ነው» ማለት። የእነዚህ ሰዎች የዘወትር የላይኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 110 ነው። ስለዚህ ከራሳቸው መደበኛ ልክ በ20 እስከ 40 ከፍ ማለቱ ራሱ አደጋ ነው፤ በልጆች 15 ይበቃል። የሰውየውን መደበኛ ልክ ደህና በሆነበት ቀን ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉና ከዊልቸሩ ጋር ያኑሩት፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያገኘው ባለሙያ ይህን ችግር አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ማስተኛት። አስታማሚዎች ግፊቱ ሲወርድበት ማስተኛትን ስለለመዱ፣ ሲጨንቃቸው እጃቸው ወደዚያው ይሄዳል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው፦ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ እግሮቹን ቁልቁል ያውርዱ፤ ደሙ ወደ እግር ሲወርድ ግፊቱ ይቀንሳል። አከርካሪው ገና ያልረጋ ከሆነ ወገቡን አያጥፉት፤ አልጋውን እንዳለ በራስጌ በኩል ከፍ ያድርጉት። ቀበቶ፣ ጫማ፣ የሆድ መቀነት፣ የሽንት ከረጢት ማሰሪያ ሁሉ ይፈታ። ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃ ይለኩ።

ፊኛውን ተጭኖ ሽንት ለማስወጣት መሞከር። መጫንም መደብደብም የደም ግፊቱን ያባብሳል። ካቴተር (ፊኛ ውስጥ የሚገባ የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ካለው ቱቦው ታጥፎ፣ ከረጢቱ ሞልቶ ወይም ከፊኛው በላይ ተሰቅሎ እንደሆነ ይመልከቱ። ከተደፈነ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር የሰውነት ሙቀት ያለው ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ የጨው ውሃ) በቀስታ ያስገቡ፤ ካልከፈተ ይቀየር። ካቴተር ከሌለው ይገባለት፤ ጊዜ ካለ 2 ፐርሰንት ሊዶኬይን የተባለ የሚያደነዝዝ ጄል ተደርጎ 2 እስከ 5 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ። ሳያደነዝዙ ማስገባት ራሱ አዲስ መቀስቀሻ ነው።

ፊኛው ባዶ ከሆነ የደረቀ ሰገራ ይጠረጠራል። እዚህም ጄሉ ይቅደም፤ የላይኛው ቁጥር 150 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ፊንጢጣው ከመፈተሹ በፊት የግፊት መድኃኒት ይታሰብ። ከዚያ የአልጋ ቁስል፣ ሥጋ ውስጥ የገባ የእግር ጥፍር፣ የተሸበሸበ ልብስ ይፈለግ።

ረጅም ጊዜ የሚሠራ የግፊት መድኃኒት መስጠት። መንስኤው ሲወገድ ግፊቱ በራሱ ይወርዳል፤ መድኃኒቱ ግን ደም ውስጥ ይቆያል፣ ሰውየውም ይዝለፈለፋል። ፈጥኖ ጀምሮ ፈጥኖ የሚያልቅ ነው የሚመረጠው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ናይትሮግሊሰሪን ከመሰጠቱ በፊት፣ ለብልት መቆም የሚወሰዱትን ሲልደናፊል ባለፉት 24 ሰዓታት፣ ታዳላፊል ባለፉት 48 ሰዓታት መውሰዱ ይጠየቅ፤ አብረው ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። ጥያቄው ስለሚያሳፍር ብዙዎች ይዘሉታል፤ መዝለሉ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

በነፍሰ ጡር ላይ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ብቻ ነው ብሎ መደምደም። ምጡ ላይሰማት ይችላል፤ ራስ ምታቱና ላቡ የምጥ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ግፊቷ ከማህፀን መኮማተር ጋር እየወጣ በየመሃሉ የሚወርድ ከሆነ ዲስሬፍሌክሲያ ይጠርጠር። ኤፒዱራል (በጀርባ በኩል የሚሰጥ) ማደንዘዣ መልእክቱን ህብለ ሰረሰር ላይ ስለሚያቆመው አስቀድሞ ሊታቀድ ይገባል።

ግፊቱ ሲወርድ ወዲያው መተው። ቢያንስ ለ2 ሰዓት መለካት ይቀጥሉ፤ ፊኛው እንደገና ሊሞላ፣ መድኃኒቱም ሊያልቅ ይችላል። መንስኤው ካልተገኘ፣ ቁጥሩ ቢወርድም ሆስፒታል ይሂዱ።