በአረንጓዴ ቀብር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አረንጓዴ ቀብር አስከሬኑ ተፈጥሮን ሳይበክል ወደ አፈር እንዲመለስ የሚደረግ ቀብር ነው። አስከሬንን ያለ ፎርማሊን (እንዳይፈርስ የሚያደርግ ኬሚካል)፣ በጥጥ መግነዝ ወይም ቫርኒሽ ባልነካው ሣጥን መቅበር ብቻውን ቀብሩን አረንጓዴ አያደርገውም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው አፈሩ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት አብዝቶ መቆፈር ነው። ሰውነትን ወደ አፈር የሚመልሱት ረቂቅ ተሕዋስያን በብዛት የሚኖሩት አየር በሚያገኘው የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ሁለት ሜትር ወርዶ እርጥብ ሸክላ አፈር ውስጥ የገባ አስከሬን ለብዙ ዓመታት ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ 1 ሜትር ወይም ጥቂት አለፍ ያለ ጥልቀት ይበቃል። አውሬ ያወጣዋል የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ ነገር ግን ከአስከሬኑ በላይ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ካለ ሽታው ታፍኖ ይቀራል። ሲቆፈር ጥቁሩ የላይ አፈር በአንድ ወገን፣ ፈዛዛው የታች አፈር በሌላው ይከመር፤ ሲመለስም በየተራው ይመለስ።

ከቀብር በኋላ የሚቀረውን ጉብታ ለማማር ብሎ መደልደልም ስህተት ነው። አፈሩ በወራት ውስጥ እየረጋ ይወርዳል። ቀድሞ የተደለደለ መቃብር ከጥቂት ዝናብ በኋላ ውሃ ያቆረ ጎድጓዳ ይሆናል።

ቦታ ሲመረጥ ውሃውን አለማጥናት ግን በኋላ የማይታረም ጥፋት ነው። በእንግሊዝ የመካነ መቃብር መመሪያ መቃብር ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 250 ሜትር፣ ከሌላ ምንጭ ወይም ወንዝ 30 ሜትር መራቅ አለበት። መሬቱ ከመገዛቱ በፊት በዝናብ ወቅት የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃው የት ላይ እንደሚታይ መለካት ያስፈልጋል።

በእያንዳንዱ መቃብር ላይ ዛፍ መትከል ልብ ይነካል፤ ደኑን ግን ይጎዳል። ችግኙ በሚወርደው አፈር ላይ ይዘማል፣ ሥሩ አጠገቡ ሲቆፈር ይቆረጣል፣ ዛፎቹ ሲያድጉ ደግሞ ተጨናንቀው ብርሃን ይከለክላሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የተከፈተው ራምሲ ክሪክ የተባለ የአረንጓዴ ቀብር ቦታ ያስቀደመው ደኑን ነው፤ መቃብሮቹ በነበሩት ዛፎች መካከል ተበታትነው ይገኛሉ።

ሣሩን በየሳምንቱ ማጨድ አበቦቹን ዘር ሳይጥሉ ያጠፋቸዋል። ዘራቸው ከረገፈ በኋላ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማጨድ፣ የእግር መንገዱን ብቻ አሳጥሮ መያዝ በቂ ነው።

መዝገብን ችላ ማለትም አይገባም። ትንሿን ድንጋይ ሣር ይውጣታል። ከሁለት ቋሚ ምልክቶች የተለካ ርቀት በወረቀትም በኮምፒውተርም ይመዝገብ፤ ከ20 ዓመት በኋላ የምትመጣ ልጅ አባቷ ያረፈበትን ቦታ ሜትር ይዛ ማግኘት አለባት።