አንድ የሊኑክስ ፓኬጅ ለአሮጌውም ለአዲሱም ፕሮሰሰር እንዴት ይዘጋጃል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አሮጌው ኮር ቱ ዱዎና አዲሱ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ጎን ለጎን ቢገኙ አይገርምም። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከጫናችሁ ግን ሁለቱም የሚያገኙት ያንኑ ፓኬጅ (ለመጫን ተዘጋጅቶ የታሸገ ፕሮግራም) ነው። እሱም በ2003 ገበያ ለወጣው የመጀመሪያው ባለ64 ቢት የኤኤምዲ ፕሮሰሰር እንኳ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። የአዲሱ ማሽን ትርፍ አቅም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

መጀመሪያ ማሽኑን እወቁት። ተርሚናል ክፈቱና ኤልኤስሲፒዩ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። «ፍላግስ» በሚለው መስመር ላይ ኤቪኤክስ2፣ ቢኤምአይ2 እና ኤፍኤምኤ የሚባሉት የፕሮሰሰር ትእዛዞች ካሉ ማሽኑ ቪ3 በሚባለው ደረጃ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በ2020 የወጡት የባለ64 ቢት ፕሮሰሰር አቅም ደረጃዎች ከቪ1 እስከ ቪ4 ናቸው፤ ኮር ቱ ዱዎ ቪ1 ላይ ይቀራል፣ ቪ3 ደግሞ በ2013 ከወጣው ሃስዌል ከተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ይጀምራል። ዓመቱን አይታችሁ ብቻ አትመኑ! የዚያው ዘመን ሴሌሮንና ፔንቲየም ኤቪኤክስ2 የላቸውም፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙም ይሄን እያችሁ ግዙ።

ቀጥሎ፣ ልፋቱ ያዋጣል ወይ? ኤፍኤፍኤምፔግን የመሰለ የቪዲዮ ፕሮግራም ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ራሱ አይቶ የሚስማማውን ኮድ ይመርጣል፣ እሱን ተዉት። የሚያዋጣው ስሌት የሚበዛበት፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ የራሳችሁ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ነው።

ብዙ ሰው «ማርች ኔቲቭ» በሚለው ምርጫ፣ ማለትም ለራሱ ማሽን ብቻ እንዲሆን፣ ኮምፓይል ያደርግና (ኮዱን ወደ ፕሮግራም ይቀይርና) በፍላሽ ለጓደኛው ይሰጣል። በራስ ልክ የተሰፋ ሱሪ ለሰፈሩ ሁሉ እንደማደል ነው። አሮጌው ማሽን «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል።

ይልቅ ሁለት ጊዜ ሥሩት። አንዱን ያለምንም የማርች ምርጫ፣ ሌላውን ማርችን ኤክስ86-64-ቪ3 ብላችሁ፤ ለዚህኛው ኮምፓይል የሚያደርገው ፕሮግራም ጂሲሲ 11 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በመሃል የቀደመውን ሥራ የሚያጸዳውን «ሜክ ክሊን» በሉ፣ አለዚያ የሁለቱ ፋይሎች ይደባለቃሉ። መብራት ከሄደ አትደናገጡ፣ ሥራውን የሚመራው ሜክ ካቆመበት ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ሲጻፍ የነበረውን የዶት ኦ ፋይል (ኮምፓይል የተደረገ ቁራጭ) ግን አጥፉት፣ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

አሁን ተራውን ላይብረሪ በተለመደው የላይብረሪ ፎልደር አስቀምጡ። እዚያው ውስጥ ጂሊብሲ-ኤችደብሊውካፕስ የሚባል ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ ኤክስ86-64-ቪ3 የሚባል ሌላ ፍጠሩና የቪ3ውን ቅጂ ስሙን ሳትቀይሩ እዚያ ክተቱት። ከዚያ የላይብረሪዎችን ዝርዝር የሚያድሰውን ኤልዲኮንፊግን በሩት (በአስተዳዳሪ) ፈቃድ አስነሱ። የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የሆነው ጂሊብሲ 2.33 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል፤ የቆየው ደግሞ ፎልደሩን አያየውም፣ ተራውን ይጠቀማል። ይሄ የሚሠራው ለጋራ ላይብረሪ እንጂ ለዋናው ፕሮግራም ፋይል አይደለም።

ፈተናውን ከሁሉ ካረጀው ማሽን ጀምሩ፣ እዚያ ከተነሳ ተራው ቅጂ ሌላው ላይ አያሳስብም። አዲሱ ላይ ደግሞ «ታይም» በሚለው ትእዛዝ በሁለቱም ቅጂ ለኩት። ልዩነት ካላያችሁ የቪ3ውን ፎልደር አጥፉትና በተራው ቀጥሉ።