ሰርቢተንን ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ለማስተማር

ስለ አንድ የእንግሊዝ ከተማ ዳርቻ ለማስተማር የተዘጋጁ መምህር ከስሙ ቢጀምሩ ይበጃል፤ የጎጃም ተማሪ የከተማ ስም እንደሚለወጥ ከቤቱ ያውቃልና። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደነበር ከአያቱ የሰማ ልጅ፣ ከለንደን በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው ሰርቢተን በልጅነቱ «የባቡር ሐዲዱ ኪንግስተን» ይባል እንደነበር ሲነገረው ምክንያቱን ራሱ ይጠይቃል።

መልሱን ካርታ እያሳዩ ይስጡት። ኪንግስተን በመንገደኛ ሠረገላ ንግድ የምትጠቀም ጥንታዊ የገበያ ከተማ ስለነበረች ባቡሩን የሚቃወሙ ሰዎች ተነሡባት፤ ሐዲዱም ከከተማዋ በስተ ደቡብ አለፈና እ.ኤ.አ. በ1838 ጣቢያው በተከፈተበት የእርሻ መሬት ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። ኪንግስተን የራሷን ጣቢያ ያገኘችው በ1863 ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቹ ከአባይ በረሃ ወጥቶ በደጀን በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን አስፋልት እንዲስሉ፣ መንገዱ ያለፋቸውንና ያላገኛቸውን ገበያዎችም ከሽማግሌ ጠይቀው እንዲያመለክቱ ያድርጉ።

ረጅሙን ሰዓት ግን ለውኃው ይስጡ፤ ከጣቢያው ይልቅ ይህ ምዕራፍ ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁና። የላምቤዝ የውኃ ኩባንያ በ1852 ከቴምዝ ወንዝ የሚቀዳበትን ስፍራ ከለንደን ቆሻሻ በላይ ወዳለው፣ በሰርቢተን አጠገብ ወደሚገኘው ሲዚንግ ዌልስ አዛወረ፤ ተፎካካሪው ኩባንያ ግን ከታች፣ ከተበከለው ውኃ መቅዳቱን ቀጠለ። የሁለቱ ቧንቧዎች በአንድ ሰፈር፣ አልፎ አልፎም በጎረቤታሞች ቤት ይገቡ ስለነበር፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854ቱ ወረርሽኝ የሞቱትን ሰዎች ቤት ለቤት ቆጥሮ ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ለማሳየት ቻለ። ተማሪዎችም ከምንጭ፣ ከወንዝና ከቧንቧ የሚቀዱትን የሰፈራቸውን ቤቶች ለይተው በሠንጠረዥ ቢያሰፍሩ የስኖውን ዘዴ በእጃቸው ይለማመዱታል።

የዛሬው ሰርቢተን በአጭሩ ይበቃል። ከ1965 ወዲህ በታላቋ ለንደን ውስጥ የኪንግስተን ወረዳ አካል ሲሆን፣ በ1937 የተሠራው ነጭ የጣቢያ ሕንፃ አሁንም ያገለግላል፤ ፈጣኑ ባቡር መሃል ለንደን ያለው ዋተርሉ ጣቢያ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለሚበቃው፣ ብዙው ነዋሪ ጠዋት ለሥራ መሃል ለንደን ሄዶ ማታ ይመለሳል።

ለቤት ሥራ እያንዳንዱ ተማሪ የቀበሌውን የቀድሞ ስም፣ የተለወጠበትን ዘመንና የነገረውን ሰው ዕድሜ ጽፎ ያምጣ።