ቫሊዴተር ሲታሰር፦ ችግሩን በጋያዲ ፈልጎ ማግኘት

ኮስሞስ ሀብ በተባለው ብሎክቼይን (የብሎኮች ማለትም የግብይት ጥቅሎች ሰንሰለት) ላይ ቫሊዴተር፣ ማለትም አዳዲስ ብሎኮችን በቁልፉ እየፈረመ የሚያጸድቅ ተሳታፊ፣ የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንደኛው ኖዱ (ሰንሰለቱን የሚከታተለው ማሽንና ፕሮግራም) መቆሙን ሳያውቅ መቆየት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ሁለተኛው ቆሞ ሲያገኘው ደንግጦ የሚያደርገው ነው፤ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለው፣ ሻይዎን ይዘው ያንብቡ። ኖዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ጋያዲ ይባላል፤ ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው አስፍሬያቸዋለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ምልክት፦ ኖዱ ይሠራል፣ ቫሊዴተሩ ግን አይፈርምም

«ጋያዲ ስታተስ» ብለው ሲጠይቁ ከሚዘረገፈው መልስ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጉ፦ «ካቺንግ አፕ» (ገና እየደረሰ ነው ወይ) እና «ቮቲንግ ፓወር» (የድምፅ ክብደት)። የመጀመሪያው «ትሩ» (አዎ) ካለ ኖዱ ያመለጡትን ብሎኮች ገና እያሳደደ ነው፤ ይጠብቁት። «ፎልስ» (አይደለም) ብሎ ቮቲንግ ፓወሩ 0 ከሆነ ግን ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ቫሊዴተሩ ታስሯል (ከመፈረም ታግዷል)፤ ወይ በመያዣነት የተያዘለት አተም (የኮስሞስ ሀብ ገንዘብ) አንሶ ከፈራሚዎቹ ዝርዝር ወጥቷል፤ ወይ ደግሞ ኖዱ የሚፈርመው በሌላ ቁልፍ ነው።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። አዲስ ሰርቨር ላይ «ጋያዲ ኢኒት» ሲባል ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ አዲስ ቁልፍ ያመነጫል። የድሮውን መገልበጥ ከተረሳ ኖዱ በሰላም ብሎክ ይከታተላል፣ ስህተት አለ የሚል አንድ መስመር አይጽፍም። እኔም በዚህ ሰበብ የኔትወርክ ችግር ስፈልግ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። «ጋያዲ ኮሜት ሾው ቫሊዴተር» የሚያወጣውን ይፋዊ ቁልፍ ሰንሰለቱ ላይ ከተመዘገበው ጋር ያስተያዩ። ካልገጠመ ኖዱን አቁመው ትክክለኛውን የቁልፍ ፋይል ወደ «ኮንፊግ» ማህደር ይመልሱ፤ ከዚያ በፊት ግን የዚህን ጽሑፍ የመጨረሻ ክፍል ያንብቡ።

ምልክት፦ «ጄይልድ» (ታስሯል) የሚለው «ትሩ» ሆኗል

መንስኤው ቫሊዴተሩ ከመጨረሻዎቹ 10,000 ብሎኮች 5 በመቶውን እንኳ አለመፈረሙ ነው። አንድ ብሎክ 6 ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ ይህ ከ15 ሰዓት በላይ መጥፋት ማለት ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሄደ መብራት በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ካልተመለሰ በቂ ነው። ቅጣቱ ከተያዘው 0.01 በመቶ ነው፦ 10,000 አተም ላይ 1 አተም። የእስሩ ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ ሆኖም ጊዜው ስላለቀ ብቻ ቫሊዴተሩ አይፈታም፣ ባለቤቱ ማመልከት አለበት።

ከማመልከትዎ በፊት ኖዱን ያቆመውን ነገር ከሎጉ (ፕሮግራሙ ከሚጽፈው የሥራ መዝገብ) ይፈልጉ። «ኖ ስፔስ ሌፍት» የሚል ካለ ዲስኩ ሞልቷል። ሰንሰለቱ በተወሰነ ከፍታ (የብሎክ ተራ ቁጥር) ላይ አዲስ ስሪት እንደሚያስፈልግ የሚናገር መስመር ካለ ደግሞ ኖዱ የቆመው ሆን ብሎ ነው፤ የድሮውን ፕሮግራም መቶ ጊዜ ቢያስነሱት መቶ ጊዜ ይቆማል። አዲሱን ስሪት ይጫኑ። ኖዱ ሰንሰለቱን ሲደርስበት «ጋያዲ ቲኤክስ ስላሺንግ አንጄይል» ብለው ከቫሊዴተሩ ባለቤት ሒሳብ ይላኩ። ሳይደርስበት ካስፈቱት የሚያመልጡት ብሎኮች እንደገና መቆጠር ይጀምራሉ።

ምልክት፦ የማስፈቻው ትዕዛዝ ተቀባይነት አጣ

«ስቲል ጄይልድ» (ገና እንደታሰረ ነው) የሚለው መልስ ሁለት መንስኤ አለው፤ ቃሉ ግን አንድ ነው፣ ለዚህም ነው ሰው የሚሳሳተው። «ጋያዲ ኩዌሪ ስላሺንግ ሳይኒንግ ኢንፎ» ብለው «ጄይልድ አንቲል» (እስከ መቼ እንደታሰረ) የሚለውን ሰዓት ያንብቡ። እዚያ 06:40 ተጽፎ መጨረሻው ላይ ዜድ ፊደል ካለ ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። የኛ ሰው ሲያየው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ይመስለዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 3 ይቀንሱ።

ዓመቱ 9999 ከሆነ ግን ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ያ ቫሊዴተር ሁለት ጊዜ ፈርሞ ተይዟል፤ «ቶምብስቶንድ» የሚለውም «ትሩ» ሆኖ ያገኙታል። አይፈታም። ያለው መንገድ በአዲስ ቁልፍ አዲስ ቫሊዴተር መፍጠር ነው።

መልሱ የራስዎ ድርሻ ከዝቅተኛው በታች ነው ካለ፣ ቫሊዴተሩን ሲመሠርቱ ዝቅተኛውን መጠን ካስያዙት ጋር እኩል አድርገውት ነበር፤ ያቺ 0.01 በመቶ ከመስመሩ በታች አወረደችዎ። ትንሽ አተም ጨምረው ያስይዙና እንደገና ይላኩ። ክፍያ አነሰ ካለም የሚጻፈው በአተም ሳይሆን በዩአተም መሆኑን ያስታውሱ፤ 1 አተም 1,000,000 ዩአተም ነው።

ሁለት ማሽን፣ አንድ ቁልፍ

ሁለት ማሽኖች በአንድ ቁልፍ በአንድ ከፍታ ላይ የተለያየ ብሎክ ከፈረሙ ቅጣቱ 5 በመቶ ነው፤ ከ10,000 አተም 500፣ አምነው አተማቸውን ካስያዙ ሰዎች ድርሻ ጭምር። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰውም ክፉ ሰው ሰብሮ ገብቶ አይደለም። ቤት ያለው ማሽን መብራት ሄዶበት ይጠፋል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ከመጠባበቂያው አውጥቶ በኪራይ ሰርቨር ላይ ያስነሳል። ከዚያ መብራቱ ይመጣል፤ ሲስተምዲም (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) እንደታዘዘው የድሮውን ኖድ በራሱ ያስነሳዋል።

ስለዚህ አዲሱን ከማስነሳትዎ በፊት ቤት ደውለው ሶኬቱን ያስነቅሉ። ቤት ሰው ከሌለ አዲሱን አያስነሱ፤ መታሰር ከ10,000 አተም የሚያስከፍለው 1 አተም ነው። በታቀደ ዝውውር ጊዜ ደግሞ የድሮውን ኖድ አቁመው፣ በ«ሲስተም ሲቲኤል ዲሴብል» ራሱን እንዳያስነሳ ከልክለው፣ የቁልፉን ፋይል ከማሽኑ ላይ ያንሱ። «ዳታ» ማህደር ውስጥ ያለውን «ፕራይቭ ቫሊዴተር ስቴት» የተባለ ትንሽ ፋይልም አብረው ይውሰዱ፤ መጨረሻ የተፈረመበትን ከፍታ የሚያስታውሰው እሱ ነው። «አንሴፍ ሪሴት ኦል» ይህን ፋይል ወደ 0 ይመልሰዋል፤ ከኢንተርኔት የወረደ ስናፕሾት (የሰንሰለቱ ዳታ ቅጂ) ሲፈታም በላዩ ሊጻፍበት ይችላል። አስቀድመው ለብቻው ይገልብጡት፣ ሥራው ሲያልቅ ይመልሱት፣ ከፍተው ከፍታውን በዓይንዎ አይተው ኖዱን ያስነሱ።