በአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ለመሆን የሚያስፈልገው ሥልጠና

ከሁሉ በፊት ሙያውን ከትምህርት ቤት አማካሪ ሥራ ይለዩት። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ሳይኮሎጂስቱ ልጁ ማንበብ ለምን እንዳቃተው ወይም ክፍል ውስጥ ለምን እንደሚረበሽ በፈተናና በምልከታ መርምሮ ሪፖርት ይጽፋል፤ ልዩ ድጋፍ ይገባው እንደሆነ ከሚወስነው ቡድን ጋርም ይቀመጣል። የአማካሪነት ፕሮግራም ገብቶ በኋላ መቆጨት ውድ ስህተት ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዎ የግድ በሳይኮሎጂ መሆን የለበትም፤ ሆኖም ብዙ ፕሮግራሞች እንደ ስታቲስቲክስና የልጆች እድገት ያሉ ኮርሶችን አስቀድመው ይጠይቃሉ። የተማሩት ኢትዮጵያ ከሆነ የትምህርት ማስረጃዎ መገምገም ይኖርበታል። ከአገር ቤት ወረቀት ማስላክ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ ይጀምሩ።

ቀጥሎ ደረጃውን ይምረጡ። ዶክትሬት ረጅም መንገድ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ለሚያስብ ይጠቅማል። ትምህርት ቤት ውስጥ ለመሥራት ግን ስፔሻሊስት የሚባለው ደረጃ በአብዛኛው ይበቃል፤ ቢያንስ 60 ክሬዲት ሲሆን፣ በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ፣ ሦስተኛው ዓመት በኢንተርንሺፕ (በሥራ ላይ ልምምድ) ያልፋል። የዲግሪው ስም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ ስሙን ትተው ክሬዲቱንና የልምምዱን ሰዓት ይቁጠሩ። ፕሮግራሙ በትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ብሔራዊ ማኅበር እውቅና ያገኘ መሆኑንም ያጣሩ።

ኢንተርንሺፑ በማኅበሩ መስፈርት ቢያንስ 1,200 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 600ው ትምህርት ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ስለዚህ ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ እርስዎም ይጠይቁ፦ ማን ይቆጣጠረኛል? በሳምንት ስንት ሰዓት ያገኘኛል? ክፍያ አለው? ጥሩ ተቆጣጣሪ ከታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ስም ይበልጣል ባይ ነኝ።

አማርኛ ተናጋሪ መሆንዎ ዋጋ የሚያገኘውም እዚሁ ላይ ነው። የፌዴራሉ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ፣ በተቻለ መጠን ልጁ በራሱ ቋንቋ እንዲመረመር ያዛል። አምና ከአዲስ አበባ የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ብትል፣ ችግሩ የመማር ነው ወይስ እንግሊዝኛው ገና አልገባትም? ጥያቄውን ወደ አማርኛ መተርጎም ብቻውን አይፈታውም፤ ቃሉ ሲተረጎም ክብደቱ ይለወጣል፣ የነጥቡ መመዘኛም በእንግሊዝኛ ያደጉ ልጆች ባገኙት ውጤት ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው። ለምሳሌ «በግ» የሚለው ቃል የሚጀምርበትን ድምፅ ብትጠየቅ፣ በፊደል ገበታ የተማረች ልጅ «በ» ልትል ትችላለች፤ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይጽፋልና። ተነባቢውን «ብ»ን ብቻ የሚጠብቅ፣ ፊደሉን የማያውቅ መርማሪ ግን ስህተት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር በሪፖርትዎ መጻፍ ይልመዱ። ታላቅ ወንድሟን ደግሞ አስተርጓሚ አያድርጉ።

በመጨረሻ ፕራክሲስ የተባለውን የሙያ ፈተና ይወስዳሉ። ማኅበሩ ለሚሰጠው ብሔራዊ የምስክር ወረቀት የፈተናው ማለፊያ ነጥብ 155 ነው፤ ወረቀቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የሥራ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ግዛቱ ስለሆነ፣ ሊሠሩ ያሰቡበትን ግዛት መስፈርት ገና ሲያመለክቱ ያንብቡ። ፈተናውን ወደ ኢንተርንሺፑ ማብቂያ አይግፉት፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመጪው ዓመት መቅጠር የሚጀምሩት በጸደይ ነው።