የድሮ የእንግሊዝ የእንጨት ቤት ሲታደስ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰፎክ በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ላቨናም የምትባል መንደር አለች። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረች ነበረች። የዚያ ዘመን ቤቶቿ ዛሬም ጎበጥ ዘመም ብለው ቆመዋል። አሠራራቸው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ምሰሶውና ወራጁ ኦክ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ነው፤ በመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ይጠላለፍና በጭድና በእበት የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ገና ሲያየው ይገባዋል።

ትልቁ ጥፋት ሲሚንቶ ነው። ጭቃና ኖራ እርጥበት ይጠጣሉ፣ መልሰውም ያስወጣሉ። እንጨቱም በየወቅቱ ትንሽ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ግድግዳውን ከውጭ ስታዩት ንጹሕ ነው። ከሥር ያለውን አግዳሚ በካቻቢቴ ወጋ ብታደርጉት ግን እንደ እርጥብ ዳቦ ይገባል። ልስኑ ኖራ ይሁን። ስንጥቁንም በሲሊኮን አትድፈኑት።

ዘመመ ብሎ በክሪክ ማቃናትስ? አይሞከርም። አናጢዎቹ ኦክን የሚጠርቡት በእርጥቡ ነበር፤ ከደረቀ ለመሣሪያ እጅ አይሰጥም። ቤቱ ከቆመ በኋላ ሲደርቅ ተጣመመ። መጋጠሚያው የተያዘው በእንጨት ችንካር ነው፤ በግድ ሲቃና ይሰበራል። ዘመምታው በቅርቡ የመጣ ከመሰለ ግን የድሮ ቤት የሚያውቅ መሐንዲስ ጥሩ።

«ድሮም ጥቁርና ነጭ ነበር» ብለው እንጨቱን ጥቁር የሚቀቡ አሉ። በብዙ ቦታ ያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ፋሽን ነው። ላቨናም ውስጥ ኖራ የተቀባ ወይም እንዲሁ ግራጫ ሆኖ የቀረ እንጨት ሞልቷል። ጥቁሩን ለማንሳት በአሸዋ ግፊት ማስፋቅ ደግሞ ከቀለሙ ይብሳል። እንጨቱ ላይ በመሮ የተቀረጹ የሮማ ቁጥሮች አሉ። አናጢው ቤቱን መጀመሪያ ሥራ ቦታው ላይ ይገጣጥማል፤ ቁጥር ሰጥቶ ይፈታውና መንደር ወስዶ ያቆመዋል። አሸዋው ያንን ሁሉ ይልጠዋል።

«ይህ ወራጅ ከመርከብ የመጣ ነው» የሚለውን ወሬም ቶሎ አትመኑ። ባዶ የመጋጠሚያ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቤት ፈርሶ የመጣ እንጨት ነው።

ጣሪያው ሥር ጥቀርሻ ካገኛችሁ እንዳትፈገፍጉት። ጭስ ማውጫ ሳይሠራለት በፊት እሳቱ መሃል ወለል ላይ ይነድ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው። በነገራችን ላይ በእንግሊዝ በቅርስነት የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው፤ ሕጉ ውስጡንም ይጨምራል።